«ሁለቱም ሜሽ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ኤክስቴንደር፣ ከወራት በኋላ

ራውተሩን ቶሎ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም ብዙ የሚወራበት ነገር የለም። ዋይፋይ 6 ነው፣ ካርቶኑ ላይ ኤኤክስ 1500 ይላል፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጎን ቁጭ ብሎ ስራውን ይሰራል። (1500 የምትለዋን ቁጥር ግን አትመኗት፣ ራውተሩ በሁለት ሞገድ ነው የሚያሰራጨው፣ የ2.4 ጊጋኸርዙን 300 ሜጋ ከ5 ጊጋኸርዙ 1200 ሜጋ ጋር ደምረው የጻፏት ናት፣ አንድ ስልክ ደሞ ሁለቱንም ባንዴ አይጠቀምም። የኛ ፓኬጅ ከ50 ሜጋ በታች ስለሆነ እኔ ግድም አልሰጠኝ።) በሱ ቅር አላለኝም። ያናደደኝ ኤክስቴንደሩ ነው፣ የራውተሩን ዋይፋይ ተቀብሎ ራቅ ወዳለ ክፍል የሚያደርሰው ሳጥን።

ቤታችን አያት አካባቢ ነው፣ ጂ ፕላስ ዋን። የፋይበሩ ነጭ ሳጥን ሳሎን ነው የገባው፣ ራውተሩም እዛው ነው፣ የእናቴ መኝታ ቤት ደሞ ፎቅ ላይ። መሃል ላይ ፌሮ የሞላው የአርማታ ሶሌታ አለ፣ 5 ጊጋኸርዝ ደሞ ተራ የብሎኬት ግድግዳ እንኳን የሚከብደው ነገር ነው፣ ላይ ቤት የሚደርሰው አንዲት የሲግናል መስመር ብቻ ናት። ስለዚህ ኤክስቴንደር ልገዛ ወጣሁ። ስሄድ ባዶ እጄን አልሄድኩም፣ የራውተሩን ጀርባም የካርቶኑንም ጽሁፍ ፎቶ አንስቼ ይዤ ለሻጩ አሳየሁት፣ ይሄ ከዚህ ጋር አብሮ ይሰራል ወይ አልኩት። «ብሮ፣ ያንተም ሜሽ ይላል ይሄም ሜሽ ይላል፣ ሁለቱም ሜሽ ነው፣ ሰክተህ መተኛት ነው» አለኝ። ብራንዱ ይለያያል እኮ ስለው «ዋይፋይ ያው ዋይፋይ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

እሺ ወንድሜ፣ አሁን ተራው የኔ ነው። ሜሽ ማለት ሳጥኖቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ እንደ አንድ ዋይፋይ ሲሰሩ ነው፣ ካርቶን ላይ ሜሽ ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች የየራሳቸው ሜሽ ነው ያላቸው፣ የነሱ እቃ ከነሱ እቃ ጋር ብቻ የሚግባባበት፣ አንዳንዴ እንደውም የአንዱ ፋብሪካ ሁለት አይነት ሜሽ እርስ በርሱ አይተዋወቅም። ለዚህ ተብሎ የዋይፋይ አሊያንስ በ2018 ኢዚሜሽ የሚባል የጋራ ስታንዳርድ አወጣ፣ የኔ ራውተር እሱን ነው የሚናገረው፣ አንተ የሸጥክልኝ ኤክስቴንደር ግን የፋብሪካውን የግሉን። እና ተንኮሉ ምን መሰለህ፣ ሲሰካ አረንጓዴ መብራት ያበራል፣ ኔትም ያስተላልፋል፣ ስለዚህ «አይሰራም» ብዬ ልመልስልህ አልችልም። ይሰራል። እንደ ማንኛውም ተራ ሪፒተር፣ የተቀበለውን ሲግናል ብቻ እየደገመ ይሰራል፣ የከፈልኩት ግን ለሜሹ ነበር።

ልዩነቱ ምንድነው ለሚል፣ እህቴ ዱባይ ነው የምትኖረው፣ እዛ በዋትሳፕ መደወል ዝግ ስለሆነ ቦቲም በሚባል አፕ ነው ምናወራው። እማዬ ሳሎን ሆና ማውራት ትጀምርና እያወራች ወደ ላይ ትወጣለች፣ ስልኳ ግን የታችኛውን ዋይፋይ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ ሲግናሉ ሞቶ እስኪያልቅ አይለቅም፣ ከዛ ይቋረጥና ከላይኛው ጋር እንደ አዲስ ይገናኛል፣ እስከዛ «አሎ፣ አሎ፣ ኧረ ድምጽሽ ጠፋኝ» እያለች ደረጃው ላይ ቆማ ትቀራለች። የትኛውን ልያዝ ብሎ የሚወስነው ስልኩ ነው፣ ትክክለኛ ሜሽ ሲሆን ግን ሳጥኖቹ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ስልኩን «ወደዚያኛው እለፍ» ይሉታል። የኛዎቹ አይነጋገሩማ፣ አንድ ቤት እየኖሩ እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ናቸው። ፍጥነቱም ቢሆን፣ ኤክስቴንደሩ በተቀበለበት ሬዲዮ መልሶ ስለሚያስተላልፍ ላይ ቤት ግማሹ እንኳን አይገኝም፣ እሱን ግን ችዬው ነበር።

ያልቻልኩት መብራቱን ነው።

እኛ ሰፈር መብራት ይሄዳል፣ የናንተም ይሄዳል፣ ለዚህ ብዬ ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን ላይ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ትንሽ ባትሪ) አስሬያለሁ፣ 12 ቮልት ነው የሚበሉት፣ ሁለቱም ለሰአታት ይቆያሉ። ኤክስቴንደሩስ? ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰካ አይነት ነው፣ አዳፕተሩ ሆዱ ውስጥ ነው ያለው፣ 220 ቮልት ካልሆነ አይነሳም፣ ሚኒ ዩፒኤስ የምታስገባበት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ታች ቤት ኔት አለ ላይ ቤት የለም። አዲስ አበባ ውስጥ እቃ እየሸጠ መብራት ሲሄድስ የማይል ሻጭ ምን አይነት ሻጭ ነው? አውቃለሁ ምን እንደምትለኝ፣ «ኢንቨርተር ግዛ» ነው የምትለኝ። ለአንድ ኤክስቴንደር ኢንቨርተር!

በመጨረሻ ነገሩን የፈታው የድሮው ራውተራችን ነው፣ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣው። ኬብል ገዝቼ (ንጹህ መዳብ ብላችሁ ጠይቁ፣ አልሙኒየም መዳብ ቀብተው የሚሸጡት ሞልቷል) በመስኮት አውጥቼ ላይ ቤት አስገባሁና የሁለቱን ራውተሮች ላን የሚል ቀዳዳ ከላን ጋር አያያዝኳቸው፣ የድሮውን ዲኤችሲፒ (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን) አጠፋሁ፣ አይፒ አድራሻውን ከአዲሱ ጋር እንዳይጋጭ ቀየርኩ፣ የዋይፋዩን ስምና ፓስዎርድ አንድ አደረግኩ፣ እንዳይረባበሹ በ2.4 ጊጋኸርዝ አንዱን ቻናል 1 ሌላውን ቻናል 11 ላይ አስቀመጥኳቸው። ብራንዳቸው አይገናኝም፣ ዘመናቸው አይገናኝም፣ ግን ኬብል ሲሆን ማንም ከማንም ጋር ይግባባል። እማዬ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ትንሽ ይንተባተባል፣ ሜሽ አልሆነም፣ ላይ ከደረሰች በኋላ ግን ሙሉ ፍጥነት ነው። ለሱም ሌላ ሚኒ ዩፒኤስ ገዛሁለት። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የድሮው ራውተር 9 ቮልት ነው የሚፈልገው፣ የ12ቱ ጫፍ ግን ልክክ ብሎ ይገባለታል፣ መግባቱን አይታችሁ ከሰካችሁት ታቃጥሉታላችሁ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

እና ራውተሩን ዛሬም ደግሜ እገዛዋለሁ። ኤክስቴንደር የምትፈልጉ ካላችሁ ከራውተራችሁ ጋር አንድ ብራንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የሜሹም ስም ካርቶኑ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፣ ወይ ደሞ ሁለቱም ላይ ኢዚሜሽ ተብሎ ተጽፎ እዩ፣ ሻጩ ፊት አስከፍታችሁ አገናኙልኝ በሉት። ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ደሞ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳን አትውሰዱት እላለሁ፣ ተናድጄ ነው የምለው፣ ግን እላለሁ።

የኔን ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት፣ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። የሱ ራውተር ለካ የዛው ፋብሪካ ነው፣ በተኑን ሲጫነው ወዲያው ተገናኙ፣ ሜሹም ሜሽ ሆነ፣ በሳምንት ሁለቴ እየደወለ ያመሰግነኛል።