ካፓባሺ፦ የማይበላ ምግብ የሚሸጥበት መንገድ

ቶኪዮ ውስጥ፣ በኡዌኖና በአሳኩሳ መካከል ያለው ካፓባሺ የምግብ ቤት ዕቃ ሰፈር ነው። ድስቱም ቢላዋውም ጥሩ ነው፤ ሳቅ የሚገኘው ግን የምግብ ናሙና ከሚሸጡት ሱቆች ነው። የጃፓን ምግብ ቤቶች በራቸው ላይ በመስታወት ውስጥ የሚደረድሩት፣ ምራቅ የሚያስውጠው የፕላስቲክ ሱሺና ራመን እዚህ ይገዛል። በጊንዛ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ታዋራማቺ ጣቢያ ወርደው ጥቂት ሲራመዱ ሕንፃ አናት ላይ የተተከለ ግዙፍ የሼፍ ምስል ያያሉ፤ መንገዱ እዚያ ነው። እሑድ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው።

ሙሉ ሳህን የሚሠራው ለምግብ ቤት ስለሆነ ዋጋው ከእውነተኛው ምግብ ብዙ እጥፍ ነው። ሹካው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ፓስታ የሚጠቀልለው ያስቃል፣ ሻንጣ ውስጥ ግን አንገቱ ላይ ይሰበራል። ለስጦታ የቁልፍ መያዣ ወይም የፍሪጅ ማግኔት ይበቃል።

ሲመርጡ ጎኑን ያዙሩት። ፕላስቲኩ ፎርማ ውስጥ ፈስሶ ስለሚወጣ የመጋጠሚያው መስመር ካልተላገ ሥራው የጥድፊያ ነው። የሽሪምፑ ቀይ መስመር ጠርዙ ላይ እየደበዘዘ ከሄደ በእጅ ተቀብቷል፤ ቁርጥ ካለ ግን ይተዉት። የቁልፍ መያዣው ቀለበት የገባበትን ብሎንም ሳብ ያድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ ቁልፍ አይሸከምም። እንደ ቤከን ያለው ለስላሳው ዓይነት ፕላስቲኩን የሚያለሰልስ ቅባት አለበት፤ ይህ ቅባት ወደ ስልክ ሽፋንና ቀለም የተቀባ ዕቃ እየወጣ ያጣብቃል። በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ ነው። ሕፃን ላለበት ቤት አይስጡ፣ አፉ ውስጥ መክተቱ አይቀርም።

አንዳንዶቹ ሱቆች በቀጠሮ እንግዳውን ራሱን ከሰም ናሙና ያሠራሉ። የቀለጠ ነጭ ሰም ለብ ያለ ውኃ ላይ ይፈሳል፣ አረንጓዴው ይከተላል፤ ጠርዙን በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ውኃው ውስጥ ሲስቡት እየሳሳ ይጨማደድና የሰላጣ ቅጠል ይሆናል። ከቸኮሉ ይቀደዳል፣ ከዘገዩ ይደርቃል። ከዚያ ጠቅልለው በጋለ ቢላዋ ለሁለት ይቆርጡታል። ከቴምፑራው (በሊጥ ተነክሮ የሚጠበስ የጃፓን ምግብ) ይልቅ ሰላጣውን ይምረጡ፤ የቴምፑራው ፍርፋሪ በጉዞ ይረግፋል። ሰም ፀሐይ አይችልም፤ ሙያተኞቹም ወደ ፕላስቲክ የዞሩት በዚህ ምክንያት ስለሆነ መኪና ውስጥ ትተውት አይሂዱ፤ በካርቶን አድርገው በእጅ ሻንጣ ይያዙት።