ከባድ ብረት ያለበትን የፋብሪካ ፍሳሽ ለማጣራት የቱ ካርቦን (የማጣሪያ ከሰል) ይሻላል? የቡና ገለባ፣ አጥንት ወይስ የኮኮናት ቅርፊት

ሻጮች ቀድመው የሚያሳዩዋችሁ የአዮዲን ቁጥርን፣ ማለትም አንድ ግራም ከሰል ስንት ሚሊግራም አዮዲን እንደሚይዝ ነው። 1,000 ካለ አለቀ፣ ምርጥ ነው ይሏችኋል። ለሽታ እውነት ነው። እንደ ሊድ (እርሳስ) እና ካድሚየም ላሉ መርዛማ ብረቶች ግን ብዙም አይነግራችሁም፤ ቁጥሩ የሚለካው ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ሲሆን እነዚህን ብረቶች በዋናነት የሚይዘው የከሰሉ ገጽ ላይ ያለው ኦክስጅን አዘል ኬሚካል ነው። ስለዚህ በዶላር የሚገባው የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን ስለተወደደ ብቻ ብረት ይይዛል ማለት አይደለም። ጥንካሬው ግን አይካድም፦ ማጣሪያ ውስጥ አይፈርስም፣ ውሃም በደንብ ያሳልፋል።

የቡና ገለባ ከሰል ርካሽ ነው፣ ግን ዝም ብሎ የከሰለውና በፎስፎሪክ አሲድ ታክሞ 500 ዲግሪ አካባቢ የከሰለው ለየቅል ናቸው። አንድ ነገር ሞክሩ። ጥቂቱን በንጹህ ውሃ በጥብጡና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው) ለኩ። ወደ 9 ወይም 10 ከወጣ አመዱ አልታጠበም። ያኔ ብረቱን የሚያዘቅጠው አመዱ ነው፤ የመጀመሪያው ውጤት ያስደስታል፣ አመዱ ታጥቦ ሲያልቅ ግን ጉዱ ይወጣል።

የአጥንት ከሰል ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ካርቦኑ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ካልሲየም ፎስፌት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድን ከመጠጥ ውሃ በማጣራት የሚታወቀው እሱ ነው። ፎስፌቱ ሊድን ስለሚይዝ፣ ሊድ ላለበት የባትሪ ፍሳሽ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ክሮሚየም ለብቻው ይታይ። ሞጆ ያሉትን የመሰሉ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ባለ ሦስት ቫለንስ ክሮሚየም ነው፤ እሱን ኖራ ጨምሮ ፒኤቹን 8 እና 9 መካከል በማድረግ ማዝቀጥ ይቻላል፣ ካርቦን የሚገዛው ለተረፈው ብቻ ነው። ክሮም ቅብ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ውስጥ ግን ባለ ስድስት ቫለንሱ ክሮሚየም አለ፣ ያ ደግሞ መርዛም ነው። እሱ ካርቦን ላይ የሚጣበቀው ውሃው ሲኮመጥጥ፣ ፒኤች 2 ወይም 3 አካባቢ ነው። ከፊሉም ወደ ባለ ሦስት ስለሚቀየር በኋላ ኖራው አይቀርላችሁም። እዚህ ላይ በአሲድ የታከመው የቡና ገለባ ይበቃል።

ብረት የጠጣ ከሰል ማገዶም ማዳበሪያም አይሆንም፣ የማስወገጃውን ወጪ አብራችሁ አስሉ። ደግሞ የሻጩ ቁጥር ብዙ ጊዜ አንድ ብረት ብቻ ካለበት የላብራቶሪ ውሃ የተገኘ ነው። የቆዳ ፍሳሽ ጨው፣ ስብና ፕሮቲን አለበት። ናሙና ተቀብላችሁ በራሳችሁ ፍሳሽ ሳትሞክሩ ቀብድ አትክፈሉ።