በእጅ የሚዞረው የሩዝ ችግኝ መትከያ፦ ከሰኔ እስከ ኅዳር ሠርቼበት

ችግኝ ተክሎ ማምረት ከብተና እንደሚሻል እኛ ደንቢያ ውስጥ የሚክድ የለም። ጭንቁ ጉልበቱ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡም፣ ጭቃውም፣ የሌላው እህል ሥራም አንድ ላይ ይመጣል። ደቦ ቢጠራ እንኳ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ብዙው ሰው በትኖ ይዘራና ኋላ በአረም ወገቡ ይቆረጣል። ባለ ሁለት መስመሩን መትከያ የገዛሁት ለዚህ ነው። ሞተር የለው፣ ነዳጅ አይጠይቅ። በአንድ እጅ እየጎተታችሁ፣ በሌላው መዘውሩን እያዞራችሁ፣ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ። ሹካዎቹ ከሰሌዳው ላይ ችግኝ እየቆነጠሩ ጭቃው ውስጥ ይሰካሉ።

ሥራው ግን የሚጀምረው ችግኙ የሚፈላበት መደብ ላይ ነው። ለእጅ ተከላ የምናፈላው ችግኝ ለዚህ አይሆንም። ላስቲክ አንጥፋችሁ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሳችሁ፣ ዘሩን ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ትዘሩበታላችሁ። ሥሩ እርስ በርሱ ሲጠላለፍ እንደ እንጀራ ጠርዙን ይዛችሁ ታነሱታላችሁ። አፈሩን በወንፊት ንፉት፤ ጠጠር ካለበት ሹካው ይጣመማል። ዘሩ ከሳሳም ሹካው ባዶውን ይወርዳል፤ ያን ክፍተት ኋላ በእጅ መሙላት ነው።

ምርቱን የሚለውጠው ዋናው ነገር የችግኙ ዕድሜ ነው። ለመትከያው ከ15 እስከ 20 ቀን የሆነው ይበቃል። በእጅ ሲሆን ሰው እስኪገኝ እየተባለ ወር ያልፈዋል። ያረጀ ችግኝ ደግሞ ጎን ጎኑን የሚያበቅልበትን ጊዜ መደብ ላይ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ጥልቀቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። በእጅ ሲተከል የደከመው ሰው ገፍቶ ሲወጋው ችግኙ ታፍኖ ይዘገያል። በመትከያው የተከልኩት ቶሎ ነፍስ ዘራ። ከአንድ የሩዝ እግር የወጣው ዘለላ አጠገቡ ካለው የብተና ማሳዬ በግልጽ ይበልጥ ነበር፤ አበስሉም እኩል ሆነ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በመስመሮቹ መካከል ያለው ስፋት ቋሚ ነው። በአንዱ እግርና በሌላው መካከል ያለውን ግን የምትወስነው የምትጎትተው እጅ ናት። ቶሎ ከጎተታችሁ ይሳሳል፤ ከዘገያችሁ ይጨናነቃል። ወንድሜ እኔን በልጦኛል፤ እጁ አይቸኩልም።

ጭቃው ሌላ ጣጣ ነው። የእኛ ጥቁር አፈር ታርሶ ከተቦካ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ካልረጋ ዕቃው ይሰምጣል። ውኃው ከቁርጭምጭሚት በታች መሆን አለበት፤ ከበዛ ችግኙ ይንሳፈፋል። ማሳው ካልተስተካከለ ጉድጓዱ ላይ ያለው ይሰጥማል፣ ጉብታው ላይ ያለው ይደርቃል። የሪብና የጉማራ ወንዞች ጎርፍ የሚተኛባቸው የፎገራ ማሳዎችም ላይ ይህ እንደሚያስቸግር አልጠራጠርም።

አረሙ ላይ ግን ተገላገልኩ። መስመር ስላለው መኮትኮቻ ይገባል፣ የት እንደሚረገጥም ይታወቃል። በብተና ለሄክታር 100 ኪሎና ከዚያ በላይ ዘር ይሄዳል፤ እዚህ ግማሹ በቃኝ።

ልግዛው ለሚለኝ፦ ማሳው ትንሽ ከሆነና ቤት ውስጥ ጉልበት ካለ ገመድ ወጥሮ በእጅ መትከል ይሻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ አራት አምስት ጎረቤት ተዋጥቶ ይግዛው፤ መደቡን ግን ቀን አፈራርቁና ዝሩ፣ አለዚያ የሁሉም ችግኝ በአንድ ቀን ይደርሳል። ስትገዙ ትርፍ ሹካ ጠይቁ። የእኔ ሻጭ አልነገረኝም፤ ሁለቱን ብየዳ ቤት ነው ያሠራሁት።