ጀልባ ላይ ሲታደር፦ የሌሊት ዘብ ወይስ የጭስ ደወል?

ባሕር ዳር ጀልባ ካላቸው ልጆች ጋር ይሄ ጨዋታ ደጋግሞ ይነሳል። እንግዳ ይዘን ጣና ላይ ብናድር ነቅቶ የሚጠብቅ ዘብ እናቁም ወይስ የጭስ ደወል ሰቅለን እንተኛ?

ነሐሴ 2011 መጨረሻ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንሴፕሽን የምትባል የጠላቂዎች ጀልባ ሌሊት ተቃጥላ 34 ሰው አለቀ። ሠራተኞቹ በሙሉ ተኝተው ነበር። የጭስ ደወል የነበረው ታች መኝታው ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ እሳቱ የተነሳው ግን ከላይ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አንድ ሰው እየዞረ ቢያይ ኖሮ።

ዋጋ፦ ደወል አንዴ ይገዛል፣ ከዚያ ባትሪ ብቻ ነው። ዘብ በየሌሊቱ አበል ይፈልጋል።

ቅለት፦ ደወል ይቀላል፣ አያከራክርም።

ስጋት፦ ደወል ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ይጮኻል፣ ሰው ይሰለችና ባትሪውን ያወጣዋል። ዘብ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ በተለይ ቀን ሲቀዝፍ ወይም ሞተር ሲነዳ የዋለ ከሆነ፤ ስለዚህ ሌሊቱን ለሁለት ከፍሎ ማፈራረቅ ነው። ግን ዘብ የቤንዚን ሽታ ያውቃል፣ ትራስ ሥር ቻርጅ የተሰካ ስልክ ይነቅላል፣ እሳት ማጥፊያውን ያነሳል፣ መልሕቅ ሲንሸራተትም ያያል። ደወል ይሄን አይችልም።

ሁለት ሦስት ሆናችሁ ክፍት ወለል ላይ የምትተኙ ከሆነ ደወሉ ሊበቃችሁ ይችላል። ሰው ታች በተዘጋ ክፍል የሚያድር ከሆነ ግን ዘብ የግድ ነው፤ ደወሎቹም አንዱ ሲጮኽ ሁሉም የሚጮኹ ይሁኑ።