ለጠባብ ጓሮ የቱ አንቴና ይሻላል? ሦስት ርካሽ ሽቦዎች ጎን ለጎን

የአማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ የሚሠራ የሬዲዮ ግንኙነት) ፈቃድ ወጥቷል። ሬዲዮ ተገዝቷል። ኪስ ባዶ ሆኗል። ብዙዎቻችን ስለ አንቴና ማሰብ የምንጀምረው እዚህ ላይ ስንደርስ ነው። ከዚያ ስልክ አውጥቶ ዋጋ ማየት፣ መደንገጥ፣ መልሶ መዝጋት።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጓሮዬ 11 ሜትር በ6 ሜትር ናት። ጥግ ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። እዚህች ቦታ ላይ ሦስት ዓይነት ባለ ብዙ ባንድ (በተለያዩ የፍሪኩዌንሲ ክልሎች የሚሠራ) አንቴና በእጄ ሠርቼ ሰቅያለሁ። ሦስቱም ሠርተዋል፤ በሽቦው ወጪም ያን ያህል አይራራቁም። የሚለያቸው ሽቦው የት ይታሰራል የሚለው ነው። ስለዚህ ምንም ሳትገዙ መጀመሪያ ጓሮ ወጥታችሁ ወደ ላይ እዩ። ዛፍ አለ? ከፍ ያለ ጣሪያስ? የመብራት መስመር ያልፋል? ሽቦው ወይም ምሰሶው ቢወድቅ የመብራት መስመር ሊነካ የሚችል ከሆነ እዚያ ቦታ ምንም አይሰቀልም።

አንድ ስሌት ያዙልኝ። 143ን ለሜጋኸርዙ ስታካፍሉ የግማሽ ሞገድ ሽቦ ርዝመት በሜትር ይወጣል። ባንዶች የሚጠሩት በሞገዳቸው ርዝመት ነው፤ ለ20 ሜትር ባንድ 14.15 ሜጋኸርዝ ብንወስድ 10.1 ሜትር ነው። ለ40 ሜትር ባንድ፣ በ7.1 ሜጋኸርዝ፣ 20.1 ሜትር። ለ10 ሜትር ባንድ 5 ሜትር ብቻ።

አሁን የሰቀልኩት በጫፉ በኩል ከኬብል ጋር የሚገናኘውን ነው። 20 ሜትር የሚሆን አንድ ሽቦ ነው፤ 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር ባንዶችን ያለ ቱነር (አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያስማማ መሣሪያ) ወይም በሬዲዮው ውስጥ ባለው ቱነር ይይዛል። ትልቁ ጥቅሙ ኬብሉ ቤቱ ጋ መቅረቱ ነው፤ መሃል ሰማይ ላይ የሚንጠለጠል ነገር የለም። የእኔው ከሁለተኛ ፎቅ ጣሪያ ጫፍ ይነሳና ዛፉ ጋ ይደርሳል፤ የተረፈው በአጥሩ በኩል ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ ቢሆን ይሻል ነበር። ታጥፎም ግን አላሳፈረኝም።

ችግሩ ያለው ሽቦውን ከኬብሉ ጋር የሚያስማማው ትራንስፎርመር ላይ ነው። የሽቦው ጫፍ ኢምፒዳንስ (ለሬዲዮ ሞገድ የሚያሳየው ተቃውሞ) ወደ 2,450 ኦም ገደማ ነው፤ ሬዲዮው የሚፈልገው 50። ስለዚህ ኤፍቲ240-43 የሚባለው የፌራይት (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ፣ ሞተር ጠቅላዮች በሚጠቀሙበት ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ፣ በአንድ በኩል 2 በሌላው 14 ዙር ይጠቀለላል። 14 ለ2 ሲካፈል 7፤ ኦሙ የሚቀየረው በዚህ ቁጥር ካሬ ስለሆነ 7 በ7 ሲባዛ 49። 2,450ን ለ49 ስታካፍሉ 50 ይመጣል። በ2ቱ ዙር ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችል የ100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ይጨመራል፤ 10 ሜትር ባንድ ላይ ያግዛል።

እዚህ ላይ መቆጠብ አይሠራም። እኔ ሞክሬዋለሁ። ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ቢጫ ቀለበት አወጣሁ፤ ቀለበት ቀለበት ነው ብዬ። ለኃይል ማጣሪያ የተሠራ እንጂ ለዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚሆን አልነበረም። ሁለት ደቂቃ ብናገርበት የትራንስፎርመሩ ሳጥን እንደ ጀበና ጋለ። ማንም አልሰማኝም፤ ቀለበቱን ግን በደንብ አሞቅኩት። ተሠርቶ የሚሸጠውን የምትገዙ ከሆነም ሻጩ የቀለበቱን ዓይነት መናገሩን እዩ። የኃይል መጠኑንም ለድምፅና ለዲጂታል ለየብቻ ይንገራችሁ። ድምፅ በየመሃሉ ያርፋል፤ ኤፍቲ8 የሚባለው የዲጂታል መላኪያ ዘዴ ግን 13 ሰከንድ ያህል ሳያርፍ ይልካል። 100 ዋት ለድምፅ የሚችል ሳጥን ለኤፍቲ8 ላይችል ይችላል።

ሌላም ጣጣ አለው። የኬብሉ የውጪ መረብ ራሱ የአንቴናው አካል ይሆንና ሞገዱን ይዞ ቤት ይገባል። የልጆቹ ስፒከር በእኔ ድምፅ ማጉረምረም ሲጀምር ነው የገባኝ። ኬብሉን ቤት ከመግባቱ በፊት ሌላ የፌራይት ቀለበት ላይ አሥር ዙር ያህል ጠቀለልኩት፤ ስፒከሩ ዝም አለ። ሩቅ ያለው የሽቦው ጫፍ ደግሞ ስትናገሩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይይዛል። እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን።

ባለ ብዙ ክንዱ ዳይፖል ከሁሉም ርካሹ ነው። ለ20፣ ለ15 እና ለ10 ሜትር የተቆረጡ ጥንድ ሽቦዎች መሃል ላይ ከአንድ ኬብል ጋር ይገናኛሉ፤ ጫፎቻቸው ይራራቃሉ። ትራንስፎርመር የለም፣ ሙቀት የለም። ረጅሙ 10.1 ሜትር ስለሆነ በጓሮዬ ሰያፍ ላይ ይገጥማል። ንጹሕ አንቴና ነው፤ በአሠራሩ ብቻ ቢሆን ይሄን እመርጥ ነበር። መሃሉን 7 ሜትር ከፍ አድርጎ የሚይዝ ምሰሶ ግን ይፈልጋል፤ ምሰሶው ደግሞ ጓሮው እምብርት ላይ ይተከላል። ባለቤቴ አንድ ክረምት ታገሠችኝ። ስትቆርጡ ከረጅሙ ጀምሩ፤ አንዱን በነካችሁ ቁጥር ሌላው ይዛባልና ሁለት ሦስት ዙር መመላለስ አለ። 40 ሜትር ባንድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ለጠባብ ጓሮ ይሄ አይሆንም።

አንድ ጥሩ ነገር ልንገራችሁ። ለዳይፖል የዲሽ ገመድ ይሠራል። 75 ኦም ነው፤ ዳይፖል ራሱም ወደዚያ ይጠጋል። አስቸጋሪው ማገናኛው ብቻ ነው። አዲስ ኬብል ከገዛችሁ ግን አርጂ-58ን ትታችሁ አርጂ-8ኤክስ ውሰዱ፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው፤ የሚባክነው ኃይል ያንሳል።

ዛፍም ከፍ ያለ ጣሪያም ለሌለው ሰው የሚቀረው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነው። የ10 ሜትር የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ገዝቶ ሽቦ ማሰር። ዘንጉ ፋይበርግላስ ይሁን፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። 10 ሜትር ሽቦ ለ40 ሜትር ባንድ ሩብ ሞገድ ነው፤ 15 ሜትር ላይም ይሠራል። ለሌሎቹ ባንዶች ቱነር ያስፈልጋል፤ እሱም ሽቦው ሥር ቢሆን ይመረጣል፤ ይሄ ነው ዋጋውን የሚያስወድደው። የአንቴናውን ሌላ ግማሽ ተክቶ መሬት ላይ የሚዘረጋው ሽቦም ይበዛል፤ እኔ 16 አድርጌ ሣሩ ሥር ቀበርኩ። ለሩቅ አገር ጎበዝ ነው። የጎረቤቱን ቻርጀርና አምፖል ጫጫታም ግን አይምርም። ማታ ላይ ከሰው ይልቅ ቻርጀር ነበር የምሰማው።

ማግኔቲክ ሉፕ የምትባለው ትንሽ የቀለበት ቅርጽ አንቴና በረንዳ ብቻ ላለው ሰው ናት። ርካሽ አይደለችም፤ ፍሪኩዌንሲ ትንሽ በቀየራችሁ ቁጥርም መስተካከል ትፈልጋለች።

አሜሪካ ሆናችሁ የመጀመሪያውን የቴክኒሺያን ፈቃድ ብቻ ከያዛችሁ ግን ብዙ አትልፉ። ከ30 ሜጋኸርዝ በታች በድምፅ የተፈቀደላችሁ ከ28.3 እስከ 28.5 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለዚያ 5 ሜትር ዳይፖል ይበቃል። ቀጣዩን ፈቃድ ስታወጡ ክንድ ትጨምራላችሁ። ጨምሩም፤ 10 ሜትር ባንድ የፀሐይን የ11 ዓመት ዑደት ተከትሎ ይደክማል፤ 20 ሜትር ያኔም አይጠፋም። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ። የቴሌቪዥን ዲሽን የሚጠብቀው የፌዴራል ደንብ አማተር አንቴናን አይጨምርም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዛፍ ወይም ጣሪያ ካለ በጫፉ የሚገናኘውን። ከእሱ በፊት ግን ናኖቪኤንኤ የምትባለውን ትንሽ የአንቴና መለኪያ ግዙ ወይም ከክበብ ተዋሱ። ያለ እሷ ሽቦ መቁረጥ በጨለማ ፀጉር እንደመቁረጥ ነው።

አዲስ አበባን ለምትሹ፣ ከዚህ አካባቢ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አቅጣጫው ከሰሜን 66 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ። ዳይፖል 20 ሜትር ባንድ ላይ የሚያበራው ወደ ጎኑ ነው፤ ስለዚህ ሽቦው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ የሰሜኑ ጫፍ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ይዘርጋ። የእኔ ዛፍ ያለው በተቃራኒው ጥግ ነው።