ቀይ ስፖርት መኪና ልትገዙ ነው? እሺ፣ የትኛውን ቀይ?

ሁለት አልፋ ሮሜዮ 4ሲ ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ሞተራቸው አንድ ነው፣ ቅርጻቸውም አንድ። ሁለቱም ቀይ ናቸው። አንዱ ሮሶ አልፋ፣ ሌላው ሮሶ ኮምፔቲዚዮኔ የሚባለውን ቀለም ተቀብቷል። ሰማዩ ሲዳምን ልዩነታቸው ብዙም አያስታውቅም። ፀሐይ ብቅ ስትል ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው ከየትም በኩል ብታዩት ያው ነው፤ ድፍን ያለ ደማቅ ቀይ። ሁለተኛው ብርሃን ያረፈበት ትከሻው እንደ ፍም ይግላል፤ ከበሩ በታች ጥላ ያረፈበት ደግሞ እንደ ረጋ ደም ይጠቁራል።

ቀይ መኪና ነፍሴ ነው። ለዚህም ነው ሰው ቀዩን በስምና በስልክ ፎቶ ብቻ ሲመርጥ የሚቆጨኝ። ገዢ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበቃዋል። ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ነው የሚያደላው ወይስ ወደ ሐምራዊ? ቀለሙስ ስንት ንብርብር አለው? የመጀመሪያው ጥያቄ የዓይን ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የኪስ ጉዳይ ነው፤ መኪናው የተጫረ ቀን ይታወቃችኋል።

ሞቅ ያለ ቀይና ቀዝቀዝ ያለ ቀይ

አንድን ቀይ ብቻውን አይቶ ወደየት እንደሚያደላ መናገር ይከብዳል። ዓይን ቶሎ ይለምደዋል። ሌላ ቀይ አጠገቡ ሲመጣ ነው የሚጋለጠው። ስለዚህ የቀለም ናሙና ስትጠይቁ አንድ ብቻ አትውሰዱ። ሁለት ወይም ሦስት ያዙና ውጭ፣ ፀሐይ ላይ አጋጥማችሁ እዩ።

ከፌራሪ እንጀምር፤ የቀይ ነገር ሲነሳ እሱን መዝለል አይቻልም። ሮሶ ኮርሳ ማለት በጣሊያንኛ "የውድድር ቀይ" ማለት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መኪኖች የሚወዳደሩት በአገራቸው ቀለም ነበር። ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ቤልጅየም ቢጫ፣ ጀርመን ነጭ፣ ጣሊያን ቀይ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። (የሚገርመው ነገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 እንግሊዛዊው ጆን ሰርቲስ በፌራሪ የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን የመጨረሻዎቹን ሁለት ውድድሮች የነዳው ሰማያዊና ነጭ መኪና ነው። ኤንዞ ፌራሪ ከጣሊያን የመኪና ስፖርት አስተዳደር ጋር ተጣልቶ ስለነበር ቀዩን አስቀርቶት ነበር።)

ሮሶ ኮርሳ መሃል ላይ ያለ ቀይ ነው፤ ትንሽ ብቻ ወደ ሞቃቱ ያዘነብላል። ሮሶ ስኩዴሪያ ከእሱ ይልቅ ብርቱካናማ ነው። ብቻውን ሲታይ "ቀይ" ትላላችሁ። ሮሶ ኮርሳ አጠገቡ ሲቆም ግን "ይሄማ ብርቱካን ነው" ማለታችሁ አይቀርም። ሮሶ ሙጄሎ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ሜታሊክ፣ ወይን ጠጅ የሚመስል። ሦስቱም የአንድ ፋብሪካ ቀይ ናቸው፤ መንገድ ላይ ግን አንዱን መኪና ሦስት የተለያየ መኪና ያስመስሉታል። ስኩዴሪያ "እዩኝ" ይላል። ሙጄሎ ቀርቦ ላየው ሰው ብቻ ነው ቀይነቱን የሚያሳየው።

ፖርሽ ዘንድም ይኸው ነው። ጋርድስ ሬድ፣ በጀርመንኛ ስሙ ኢንዲሽሮት፣ ሞቅ ያለና ድፍን ቀይ ነው። የ1980ዎቹ 911 ሲባል ብዙ ሰው ፊት ድቅን የሚለው እሱ ነው። ካርማይን ሬድ ጠለቅ ያለ ነው፤ ሰማያዊ ጠብታ የገባበት ይመስላል። ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበትም እሱ ነው። እኔ ብጠየቅ ለ911 ጋርድስ ሬድን እመርጣለሁ። የ911 ቅርጽ ክብ ነው፤ ብዙ ስለት የለውም። ግልጽ ቀይ ሲለብስ ከሩቅ ይነበባል። ካርማይን መጥፎ አይደለም፤ ውስጡ ጥቁር ወይም ግራጫ ቆዳ ከሆነ እንዲያውም ያምርበታል። ውስጡ ቡናማ ቆዳ ከሆነ ግን ሞቅ ያለው ቀይ ይሻላል። ቀዝቃዛ ቀይና ሞቃት ቡናማ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ ይጣላሉ።

ድፍኑና ንብርብሩ

ድፍን ቀይ ሁለት ሥራ ነው፤ ቀለሙ ይረጫል፣ ከላዩ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ መከላከያ ንብርብር ይደረብበታል። የሸቭሮሌው ኮርቬት ቶርች ሬድ እንዲህ ነው፤ የፎርዱ ሙስታንግ ሬስ ሬድም እንዲሁ። ሜታሊክ ደግሞ ቀለሙ ውስጥ ቅንጣት አሉሚኒየም ይገባበታል። ሦስተኛው ዓይነት ነው ዛሬ ገዢውን ልቡን የሚሰርቀው። መጀመሪያ ብርሃን የሚመልስ ንብርብር ይረጫል። ከእሱ በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ክሊር። ብርሃኑ ቀዩን አቋርጦ ይገባል፣ ከታች ያለው መስታወት መሰል ንብርብር ይመልሰዋል፣ ሲወጣም ቀዩን ሁለተኛ ያቋርጣል። ጥልቀቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀለሙ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ውስጥ የምታዩ ይመስላችኋል።

በዚህ ረገድ የማዝዳን ያህል ያስደነቀኝ የለም። ሶል ሬድ የሚባለው ቀይዋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ወጣ። በ2017 መንገድ ላይ የወጣው ሶል ሬድ ክሪስታል ደግሞ የተሻሻለው ነው። ኩባንያው ከበፊቱ ጋር ሲያነጻጽረው የቀይነቱ ድምቀት 20 በመቶ፣ ጥልቀቱ 50 በመቶ ጨምሯል ይላል። ሚስጥሩ ያለው የታችኛው ንብርብር ላይ ነው፤ ብርሃን ከሚመልሱት የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ጋር ብርሃን የሚውጡ ቅንጣቶችም ተደባልቀውበታል። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ያገኘው ቦታ ይነድዳል፣ ጥላው ደግሞ በጣም ይጠቁራል። የማዝዳዋ ኤምኤክስ-5 ትንሽ ስፖርት መኪና ናት። በዚህ ቀለም ግን የጎኗ እጥፋት ሁሉ ተቀርጾ ይታያል። እጅግ ውድ ከሆኑ መኪኖች ቀለም አጠገብ ብታቆሟት አታፍሩባትም፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

ኮርቬት ላይም ተመሳሳይ ምርጫ አለ። ሬድ ሚስት የሚባለው ክሊሩ ራሱ ቀለም የተቀላቀለበት ነው። ከቶርች ሬድ ጋር ስታስተያዩት ጠለቅ ያለና ረጋ ያለ ነው። ሙስታንግ ላይ የዚህ ወገን የሆነው ራፒድ ሬድ ነው። ባጭሩ መኪናው ስለታምና እጥፋቱ የበዛ ከሆነ ንብርብሩ ቀይ ቅርጹን ያወጣለታል። ቅርጹ ቀላልና ለስላሳ ከሆነ ድፍኑ ይበቃዋል።

ጥገናው ላይ ነው ነገሩ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ንብርብር ቀይ ሲጫር ነገሩ ይከብዳል። የድፍን ቀይ ቀለም ከተሸፈነ በኋላ አንድ ንብርብር ቢጨመርበት ብዙም አይለወጥም። ብርሃን አሳላፊው ቀይ ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ እጅ ተጨምሮ ከተረጨ ይጠቁራል፤ አንድ እጅ ከጎደለ ይነጣል። ቀለም ቀቢው ትክክለኛው ኮድ በእጁ ቢኖር እንኳ፣ የርጭቱ ብዛት ከፋብሪካው ካልገጠመ ቀለሙ አይገጥምም። ስለዚህ ጎበዝ ቀቢ መጀመሪያ በትርፍ ላሜራ ላይ ይሞክራል፤ አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት እጅ እያለ ረጭቶ ከመኪናው ጋር ያስተያያል። ከዚያም የተጎዳው ፓራፋንጎ ብቻ ቢሆንም ቀለሙን እያሳሳ በሩና ኮፈኑ ላይ ያዘልቀዋል፤ ድንበሩ እንዳይታይ። አንድ ክፍል ተጎድቶ ሦስት ክፍል ይቀባል ማለት ነው።

የአንድ ወዳጄ መኪና የኋላ ፓራውልቱ ተመትቶ ተቀባ። ጠዋት ሲረከብ እንከን አልነበረውም። ማታ ነዳጅ ማደያ መብራት ሥር ሲቆም ፓራውልቱ ከገላው ተለይቶ ወደ ሮዝ ሄደ። ሁለት ቀለም በአንድ ብርሃን ገጥመው በሌላው የሚለያዩት በውስጣቸው ያለው ማቅለሚያ ስለሚለያይ ነው። ከጥገና ስትረከቡ በፀሐይም፣ በጥላም፣ በመብራትም እዩ። አትቸኩሉ።

ስለዚህ መኪናውን በየቀኑ ጥብቅ ቦታ ላይ የምታቆሙ ከሆነ ድፍኑን ውሰዱ። ጎበዝ ቀቢ በቅርብ ካላችሁ፣ ወይም መኪናው የሰንበት መኪና ከሆነ፣ ንብርብሩን ሳትፈሩ ግዙ። ሰው ሲሳሳት የማየው አንድ ነገር ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ሶል ሬድ ኮድ 41ቪ ነው፤ ክሪስታሉ 46ቪ። በስም ይመሳሰላሉ፣ አይገጥሙም። ያገለገለ ስትገዙ በመኪናው ላይ የተለጠፈውን ኮድ አንብቡና ያዙት።

የት ሆናችሁ ነው ያያችሁት?

የማሳያ አዳራሽ መብራት ቀይን ይበድላል። ብዙ ኤልኢዲ መብራቶች የቀይ ብርሃናቸው ደካማ ነው። የመብራትን የቀለም ጥራት የሚለካው የተለመደው ቁጥር የሚሰላው ከስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች ነው፤ ደማቁ ቀይ አር9 ተብሎ ለብቻው ነው የሚለካው። ስለዚህ "ጥሩ" የተባለ መብራት እንኳ ቀይ መኪናን አመድ ሊያለብሰው ይችላል። ውጭ አውጥተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

ስልክም ያታልላል። ደማቅ ቀይ የካሜራውን የቀይ መጠን ይሞላውና ዝርዝሩ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ወደ ብርቱካናማ ይሸሻል። ሮሶ ኮርሳ በፎቶ ሮሶ ስኩዴሪያ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው።

ሲመሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ቼኩ ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተዋለው፣ ብርሃን ሲደክም ዓይናችን ቀዩን ቀድሞ ያጣዋል። ሰማያዊውና አረንጓዴው ገና ሲታዩ ቀዩ ይጠቁራል። ሙጄሎን የመሰለ ጠቆር ያለ ቀይ ምሽት ላይ ጥቁር መኪና ነው ማለት ይቻላል። ስኩዴሪያና ጋርድስ ሬድ ትንሽ ይቆያሉ። መኪናችሁን አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ከሥራ ወጥታችሁ አመሻሽ ላይ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሞቅ ያለውን ምረጡ።

ለአቧራና ለጭረትም አንድ ቃል። ጠቆር ያለው ሜታሊክ በእጥበት የሚመጣውን ክብ ክብ ጭረት ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። ደማቁ ድፍን ቀይ ይሸሽገዋል።

ሲያረጅ

ቀይ ቶሎ ይደበዝዛል ሲባል ሰምታችኋል። ለድሮ መኪኖች እውነት ነው። ቀይ ማቅለሚያ ቀይ የሚሆነው ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን እየዋጠ ነው፤ እሱ ደግሞ ጉልበት ያለው የብርሃን ክፍል ነው። ከብረት ዝገት የሚሠራው ቀይ ፀሐይን ይችላል፣ ግን እንደ ጡብ የደበዘዘ ነው። ሊድ ያለባቸው ደማቆቹ በመርዛማነታቸው ቀሩ። ነገሩን የቀየረው በ1980ዎቹ የመጣ አዲስ ማቅለሚያ ነው፤ በዘርፉ ፒግመንት ሬድ 254 ይባላል፣ "የፌራሪ ቀይ" የሚል ቅጽል ስምም ወጥቶለታል። ደማቅም ነው፣ ፀሐይንም ይችላል። ከላዩ ክሊር ሲጨመርበት የዛሬ ቀይ እንደ አባቶቹ አይነጣም።

ያገለገለ የ1980ዎቹ ወይም የ1990ዎቹ መጀመሪያ ቀይ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ክሊር እንዳለው እወቁ። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጋችሁ የማይታይ ቦታ እሹ። ጨርቁ ቀይ ከሆነ ክሊር የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ኤምኤክስ-5 ክላሲክ ሬድ እንዲህ ናቸው። ከዚያ በሩን ከፍታችሁ ፀሐይ የማይደርስበትን ጠርዝ ከኮፈኑ ጋር አስተያዩ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካላችሁ ዞር ዞር እያላችሁ ለኩ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ነው። አንድ በር ላይ 300 ካነበባችሁ እንደገና ተቀብቷል።

ኮፈኑ ሮዝ ሆኖ ብታገኙት ግን ወዲያው አትሽሹ። ክሊር ከሌለው የነጣው ላዩ ብቻ ሊሆን ይችላል። በቂ ውፍረት ካለው፣ በጥንቃቄ ፖሊሽ ተደርጎ ሰም ሲቀባ፣ በአንድ ከሰዓት ተመልሶ ይቀላል። ክሊር ያለው መኪና ኮፈኑ ላይ እንደ ቆዳ እየተላጠ ከሆነ ግን ፖሊሽ አያድነውም፤ የቅቡን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።