በባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ፦ እዚሁ፣ አውሮፓ፣ አሜሪካ ወይስ ኦንላይን?

ባዮሎጂ የተመረቁ ልጆች በብዛት የሚጠይቁኝ «የት አገር ልማር?» ብለው ነው። እኔ ከአገሩ በፊት ኮርሱን ማየት እመርጣለሁ። ድህረ ምረቃ ውድ ነገር ነው። ገንዘቡ እንዳለ ሆኖ ሁለት ዓመት ይወስዳል፣ አሜሪካ ፒኤችዲ ከሆነ ደግሞ አምስትና ስድስት ዓመት። ያን ያህል ዕድሜ ከመስጠታችን በፊት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚደረግ ማወቅ አለብን።

መጀመሪያ መለኪያ እንያዝ። በመጀመሪያ ዲግሪ «ዲኤንኤ ሲባዛ እያንዳንዱ አዲስ ጥንድ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ክር ይይዛል» ይባላል። እንጽፋለን፣ ፈተና ላይ እንመልሳለን፣ አለቀ። ጥሩ የድህረ ምረቃ ክፍል ውስጥ ግን ሜሴልሰንና ስታል እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጡት ጽሑፍ ራሱ ይቀርባል። ባክቴሪያውን መጀመሪያ በከባድ ናይትሮጅን አሳደጉት። ከዚያ ወደ ቀላሉ ናይትሮጅን አዛወሩት። ዲኤንኤውን በሲዚየም ክሎራይድ ውስጥ በሴንትሪፉጅ አሽከረከሩና እንደ እፍጋቱ (ዴንሲቲው) ለዩት። ከአንድ ትውልድ በኋላ አንድ መስመር (ባንድ) ብቻ ታየ፣ ያውም ከከባዱና ከቀላሉ መሃል። መምህሩ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይጠይቃል፦ ይህ ባንድ የትኛውን መላምት ጣለ? የትኛውንስ ገና አልጣለም? አሮጌው ዲኤንኤ እንዳለ ይቀመጣል የሚለው እዚሁ ወደቀ። አሮጌውና አዲሱ ተቆራርጠው ይደባለቃሉ የሚለው ግን አሁንም ቆሟል። እሱ የወደቀው ከሁለት ትውልድ በኋላ፣ የቀላሉ ባንድ ለብቻው ብቅ ሲል ነው። አንድ ሥዕል ላይ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ያ ሰዓት ግን ዕድሜ ልክ ይጠቅማል፤ የሌላ ሰው ውጤት ሲቀርብላችሁ እንዴት እንደምትመረምሩት ያስተምራል።

ስለዚህ ፕሮግራም ስመዝን ሦስት ነገር አያለሁ። ክፍሉ ውስጥ የምርምር ጽሑፍ ይነበባል ወይስ ስላይድ ብቻ? የተማሪው እጅ ፒፔት (የላቦራቶሪ ፈሳሽ መለኪያ) ይነካል ወይ? የጻፈውን አንብቦ፣ አስተያየት ጽፎበት የሚመልስለት ሰውስ አለ? የዩኒቨርሲቲው ስም የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

እዚሁ አገር ቤት

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዛሬ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ሐረማያም የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። መግቢያው ብዙዎች «ጋት» የሚሉት የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። አካሄዱም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ አንደኛው ዓመት ኮርስ፣ ሁለተኛው ዓመት ቴሲስ።

ብዙ ሰው ይህን ምርጫ «ውጭ ካልተሳካ» ብሎ በመጠባበቂያ ያስቀምጠዋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። የምታጠኑት ነገር አገር ውስጥ ካለ ከዚህ የተሻለ ቦታ አታገኙም። የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሐርበሪየም አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው ባለ ስምንት ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ሲዘጋጅ ማዕከሉ እሱ ነበር። የዕፅዋት ምደባ የሚማር ሰው ናሙናውን ከመደርደሪያ አውጥቶ፣ በእጁ ይዞ ነው የሚማረው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ማጥናት የሚፈልግ ደግሞ ጉራጌና ሲዳማ ወርዶ፣ ዝርያዎቹን በየስማቸው ከሚያውቁ እናቶች ጋር ጓሮ ውስጥ ይቆማል። ይህን ዕውቀት ሎንደን ላይ የሚሰጥ ኮርስ የለም። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሥጋ ደዌ ምርምር ለሚፈልግም አለርት ግቢ ውስጥ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ።

ችግሩ ላቦራቶሪው ላይ ነው። ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። የታዘዘ ፕራይመር (ለዲኤንኤ ማባዣ የሚያገለግል አጭር ቁራጭ) ወራት ሊቆይ ይችላል። ቴሲስ የሚጎተተው ብዙ ጊዜ ተማሪው ሰንፎ ሳይሆን ዕቃው ስላልደረሰ ነው። የተግባር ክፍለ ጊዜውም ሃያ ተማሪ አንድ ማሽን ከቦ የሚያይበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ባለፈው ዓመት የጨረሱ ተማሪዎችን ፈልጉና «ፒሲአር (ዲኤንኤ የማባዛት ሥራ) በራስህ እጅ ሠርተሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዲፓርትመንቱ ይልቅ አማካሪውን ምረጡ። ፈንድ ያለው፣ በሥራ ላይ ያለ ፕሮጀክት የያዘ አማካሪ ካገኛችሁ ግማሹ ችግር ተቃለለ።

አውሮፓ

አውሮፓ የሁለት ዓመት ማስተርስ 120 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የትምህርት ክሬዲት) ነው። አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው፤ ክፍል ውስጥ የምትቀመጡበትም፣ ቤት የምታነቡበትም አንድ ላይ ተቆጥሮ። ይህ ቁጥር ለማወዳደር በጣም ይረዳል። ለምሳሌ ኔዘርላንድስ የሚገኘው ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ብዙዎቹ ፕሮግራሞቹ ላይ ለቴሲስ 36፣ ለተግባር ልምምድ ደግሞ 24 ይሰጣል። ግማሹ ዲግሪ ከክፍል ውጭ ነው ማለት ነው። ኮርሶቹም ጥቂት ሳምንት ይሰጡና ይዘጋሉ። ፍጥነቱ መጀመሪያ ያስደነግጣል፤ አንድ ሳምንት የታመመ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። በሌላ በኩል ግን አንድ ርዕስ ላይ ሙሉ ቀን መዋል ያስችላል። ላቦራቶሪ የሚጠይቅ ትምህርት የሚፈልገው ደግሞ ይህን ነው።

የገንዘቡን ነገር በግልጽ እናውራ። ኤራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል፣ ቢበዛ ለ24 ወር። የትምህርት ክፍያም የለበትም። ቢያንስ ሁለት አገር ይማራል። ቤልጅየም ውስጥ ቪሊር-ዩኦኤስ የሚባለው ድጋፍ ለኢትዮጵያውያን ሲሰጥ ቆይቷል። ጌንት ዩኒቨርሲቲ ኔማቶድ (ጥቃቅን ድቡልቡል ትሎች) ላይ ብቻ ያተኮረ ማስተርስ አለው፤ የሰብል ተባይ ላይ ለሚሠራ ሰው እንደዚህ ጠለቅ ያለ ትምህርት በቀላሉ አይገኝም። ጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው አያስከፍሉም። ባደን-ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይወስዳል። «ነፃ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ ደግሞ ለቪዛ የተዘጋ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ የሚወጣበት) ውስጥ ገንዘብ ማስቀመጥ ይጠየቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ነበር። ይህን ለማሰባሰብ ቤተሰብ ተበድሮ የሚሰቃይበት ሁኔታ አለ። ስኮላርሺፕ ሳይዙ በብድር መሄድን አልመክርም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አውሮፓ ፒኤችዲ ለመጀመር በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል። ፒኤችዲው ራሱም ኮርስ የሚበዛበት አይደለም፤ በቀጥታ ምርምር ነው። ኮርስ የሚያስፈልገው ሰው ማስተርሱ ላይ ነው መጥገብ ያለበት።

አሜሪካ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አሜሪካ በባዮሎጂ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል፤ ማስተርስ አይጠየቅም። ፒኤችዲው ላይ በአብዛኛው ክፍያ የለም፣ እንዲያውም ለኑሮ የሚሆን ስታይፔንድ ይከፈላል። ማስተርሱ ነው በአብዛኛው ከኪስ የሚከፈለው፣ ያውም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር። «መጀመሪያ ማስተርስ ልያዝ፣ ከዚያ ፒኤችዲ» የሚለው የለመድነው ቅደም ተከተል አሜሪካ ላይ ውድ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ከኮርስ አንጻር ከሁሉም የምወደው ይህኛውን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ኮርስ እየወሰዱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ላቦራቶሪ ውስጥ እየተዘዋወሩ ይሠራሉ። ሮቴሽን ይሉታል። ጠዋት ስለ ፕሮቲን የተወያየ ተማሪ ከሰዓት ያንኑ ፕሮቲን ሲያጣራ ይውላል። ከመምህሩ ጋር መግባባቱንም፣ ላቦራቶሪው መስማማቱንም ሳይፈራረም በፊት ያየዋል። በሁለተኛው ዓመት አካባቢ ኳሊፋይንግ ፈተና አለ። የምርምር ዕቅዱን ጽፎ፣ ኮሚቴ ፊት ቆሞ ይከላከላል። በቃል የሸመደደ ሰው እዚያ ይጋለጣል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ፕሮግራሙ ረጅም ነው። ውድድሩ ከባድ ነው፤ ብዙ የፌዴራል ድጋፎች ለዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ስለሆኑ ለውጭ ተማሪ ያለው ቦታ ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2025 የምርምር ገንዘብ ሲቀነስ ደግሞ አንዳንድ የባዮሎጂ ፕሮግራሞች የሚቀበሉትን ተማሪ ቁጥር ቀንሰዋል። ቪዛውም አለ። የማመልከቻ ክፍያ በየዩኒቨርሲቲው ሲደመር ያማል፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ሲጠየቁ ክፍያውን ያነሳሉ። ኢሜይል ጽፋችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

እስራኤል ላሉ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ረሖቮት የሚገኘው ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ማስተርስ ላይም ክፍያ አይጠይቅም፣ ለተማሪው ስታይፔንድ ይሰጣል። ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። የአሜሪካን ፒኤችዲ የሚመስል የላቦራቶሪ ዙርም አለው።

ኦንላይን

ኦንላይን ሁለት ዓይነት ነው፤ ባይደባለቅ ጥሩ ነው። አንደኛው ተከፍሎበት ዲግሪ የሚሰጠው ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ባዮኢንፎርማቲክስን (የባዮሎጂ መረጃን በኮምፒውተር መተንተን) በኦንላይን ማስተርስ ይሰጣል። ባዮኢንፎርማቲክስ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ስለሆነ በኦንላይን መማሩ ብዙ አያጎድልም። ፈሳሽና ናሙና በእጅ የሚሠራበት የእርጥብ ላቦራቶሪ ትምህርት ግን በቪዲዮ አይሆንም። ጄል (ዲኤንኤ የሚለይበት ለስላሳ ነገር) በቪዲዮ ማየትና ጄሉ በእጃችሁ ላይ ሲቀደድ ማየት አይገናኝም።

ሁለተኛው ነፃው ነው። የኤምአይቲ ኦፕን ኮርስዌር ላይ ኮርሶች ከነንባብ ዝርዝራቸው ተቀምጠዋል። ክሬዲት የለውም፣ ሰርተፊኬትም የለውም። እዚያ ላይ ቁጥራቸው በ7.34 የሚጀምር የባዮሎጂ ሴሚናሮች አሉ፤ በየሳምንቱ ሁለት የምርምር ጽሑፍ እየተነበበ ውይይት የሚደረግባቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የተዘጋጁ ቢሆኑም አነባበቡ የድህረ ምረቃ ነው። ከጓደኞቻችሁ ጋር አንዱን መርጣችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍታችሁ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰው አንድ ሥዕል እንዲያስረዳ አድርጉ። ሮዛሊንድ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ የባዮኢንፎርማቲክስ ጥያቄ እየሰጠ መልሳችሁን ያርማል። ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ፣ በተለይ ሙሉ ቀን እየሠራችሁ መማር ለምትፈልጉ፣ ቤተስዳ ላይ ኤፍኤኢኤስ የሚባል ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ነው የተቋቋመው። ከኤንአይኤች (የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋማት) ጋር የተያያዘ ነው፤ ኮርሶቹ ግን ለውጭ ሰውም ክፍት ናቸው። በማታ የድህረ ምረቃ ደረጃ ኮርስ አንድ በአንድ መውሰድ ይቻላል። ከትምህርት ከራቀ የቆየ ሰው ሙሉ ፕሮግራም ውስጥ ከመግባቱ በፊት እዚያ አንድ ኮርስ ቢሞክር፣ የሚያገኘው ውጤት ለማመልከቻውም ይጠቅማል።

እኔ ብሆን

የሀገር ዕፅዋት፣ የሰብል በሽታ ወይም የሕብረተሰብ ጤና ላይ የሚያተኩር ልጅ ቢጠይቀኝ እዚሁ ጀምር እለዋለሁ፤ ኤራስመስ ሙንዱስን ጎን ለጎን እየሞከረ። የሴልና የሞሌኪዩላር ባዮሎጂ ፍቅር ያለባት፣ ውጤቷም ጥሩ የሆነች ልጅ ግን አሜሪካ ለፒኤችዲ በቀጥታ ታመልክት፣ ማስተርስ አትጠብቅ። የላቦራቶሪ ልምድ የሌለው ሰው ቢሆን ለማንኛውም ከማመልከቱ በፊት አንድ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ በረዳትነት ቢሠራ እመርጣለሁ። የሚያመለክትበትን ነገር ውስጡን ያውቀዋል፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰውም ያገኛል።

የጊዜውን ነገር አትርሱ። የአሜሪካ ፒኤችዲ ማመልከቻዎች በብዛት የሚዘጉት በዲሴምበር መግቢያ (ኅዳር መጨረሻ) አካባቢ ነው። የኤራስመስ ሙንዱስም አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን በመስከረም አናግሩ። ስትሄዱ ሲቪያችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁንና የምታመለክቱበትን ፕሮግራም ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። መምህሩ ስለ እናንተ የሚጽፈው ነገር እንዲኖረው አብራችሁ የሠራችሁትን አንድ ሥራ በአጭሩ አስታውሱት።